ዲጂታል ፒያኖን እንደ እንጨት ፒያኖ ማስረጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቴ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ላይ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱን ባጭሩ መልሻለሁ፣ የምወደው ላይ ግን ረዘም አድርጌያለሁ።

ፒያኖን ማስረጀት ሲባል ምን ማለት ነው?

የድሮ ፒያኖ ድምፅ መርጦ መጫወት ማለት አይደለም። ብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ውስጥ አሮጌ የሚመስል ድምፅ ተጭኖ ይመጣል። እሱ ግን ዛሬም ያው ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላም ያው ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዛሬ የገዛችሁት ፒያኖ ከዓመት በኋላ ትንሽ የተለየ ድምፅ ይኑረው። እናንተና ጎረቤታችሁ አንድ ሞዴል ብትገዙ እንኳ፣ ከጊዜ በኋላ የእናንተ ከእሱ ይለይ። በነሐሴና በጥር አንድ ዓይነት አይሁን። ሁልጊዜ የምትመቷቸው ቁልፎች ከማትነኳቸው ይለዩ።

ደህና የሆነውን ነገር ለምን እናበላሻለን?

ፒያኖ የተማርኩት ባረጀ የቁም ፒያኖ ላይ ነው። ከመሃል ዶ በላይ ያለችው ላ ጠበቅ አድርገው ከመቷት ትጮህ ነበር። ከግራ በኩል ደግሞ አንድ ቁልፍ ነበረ፣ ሲለቁት ቶሎ ዝም የማይል። ለላ ጣቴን ማለስለስ ለመድኩ። የግራውን ቁልፍ ቀደም ብዬ መልቀቅ ለመድኩ። ዛሬም ያን ፒያኖ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ፒያኖ እለየዋለሁ።

ከዚያ ዲጂታል ገዛሁ። ንጹሕ ነው፣ ማታ በጆሮ ማዳመጫ እጫወታለሁ፣ ጎረቤት አልረብሽም። ግን ዓመታት አብረን ቆይተን ስለ እሱ የማውቀው አዲስ ነገር አልነበረም። እሱም ስለ እኔ የያዘው ነገር አልነበረም። የጎደለው ይሄ ነው። መሣሪያው የሆነበትን አያስታውስም።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ክራር የሚጫወት ሰው ሳይቃኝ አይጀምርም። ከበሮ እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል ወይ እሳት ዳር ይሞቃል። ማሲንቆም ቆዳ ነው፣ ቀኑን ያውቃል። መሣሪያ አየሩን እንደሚሰማ ከድሮም እናውቃለን።

እውነተኛ ፒያኖ ሲያረጅ ውስጡ ምን ይሆናል?

ብዙ ነገር ይሆናል፤ ሁሉም ግን በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ክሮቹ። 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ ወደ 230 ገደማ የብረት ክር አለው። ወፍራሞቹ የግራ ድምፆች አንድ አንድ ክር አላቸው፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ሁለት፣ ከመሃል ወደ ቀኝ ያሉት ሦስት ሦስት። ሁሉም ክሮች ተደምረው ፍሬሙን የሚስቡበት ኃይል ከ15 ቶን ያልፋል። እንዲህ የተወጠረ ነገር ባለበት አይቆይም። አዲስ ክር ይለጠጣል፤ ለዚህ ነው አዲስ ፒያኖ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አራት ጊዜ መቃኘት ያለበት። በጣም የሚመታ ቁልፍ ደግሞ ቅኝቱን ቶሎ ይለቃል።

ሦስቱ ክሮች እኩል አይለቁም። አንዷ ትንሽ ትወርዳለች፣ ሌላዋ ባለችበት ትቆያለች። ያኔ ድምፁ ይርገበገባል፣ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ገብርኤል ዋይንራይክ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን በደንብ አስረድቷል። ክሮቹ በእንጨቱ በኩል ተያይዘዋል። መዶሻው ሲመታቸው መጀመሪያ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ ጉልበታቸውን ቶሎ ይሰጣሉ፣ ድምፁ ፈጥኖ ይቀንሳል። ከዚያ እርስ በርስ ይለያያሉ፣ የቀረው ድምፅ ዝቅ ብሎ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያ የሚዘፍን የሚመስለው የፒያኖ ጅራት ከዚህ ነው የሚመጣው። የሦስቱ ክሮች ጥቃቅን ልዩነት ደግሞ ጅራቱን ይለውጠዋል። ስለዚህ የቅኝት መዛባት ሁሉ ጉድለት አይደለም።

ቀጥሎ መዶሻዎቹ። ራሳቸው ላይ የታመቀ የሱፍ ፌልት አለ። ክሩን በመቱ ቁጥር ፌልቱ ይጠነክራል፣ ክሩ ያረፈበት ቦታ ላይ መስመር ይወጣበታል። ጠንካራ መዶሻ ብሩህና ሹል ድምፅ ያወጣል። ባለሙያው በመርፌ ወግቶ ሊያለሰልሰው ይችላል፣ ወይም ፊቱን ሞርዶ ያስተካክለዋል። ያም ሆኖ የመሃል መዶሻዎች ከዳር ካሉት በፊት ያልቃሉ፣ ብዙ ሙዚቃ የሚጫወተው መሃል ላይ ስለሆነ።

በመዳብ የተጠመጠሙት የግራ ክሮች ተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። በጥምጥሙ መሃል አቧራና ዝገት ይገባል፣ ድምፁ ይደክማል። አንዱ ፒያኖ በአንድ ጊዜ በቀኝ ድምፁ ይሾላል፣ በግራ ይደነዝዛል ማለት ነው። ሌሎችም አሉ፤ ድምፅ የሚያቆመው ለስላሳ ጨርቅ ይደርቃል፣ ፔዳል ይጮሃል፣ ቁልፍ ይላላል።

ክረምትና በጋ ምን ያመጣሉ?

የፒያኖ ድምፅ የሚጎላው ሰፊ፣ ስስ፣ ትንሽ ጎበጥ ባለ እንጨት ነው። የድምፅ ሰሌዳ እንበለው። አብዛኛውን ጊዜ ስፕሩስ ከሚባል የፈረንጅ ዛፍ ይሠራል። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ጉብታው ይጨምራል፣ ክሮቹን ይገፋቸዋል፣ ቅኝቱ ይወጣል። ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ቅኝቱ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ላይ አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ይደርቃል። ስለዚህ እዚህ ያለ ፒያኖ በክረምት ወደ ላይ፣ በበጋ ወደ ታች ይሄዳል። አውሮፓ ወይ አሜሪካ ሰሜኑ ያለ ወገናችን ደግሞ ሌላ ነው የሚያየው። በብርድ ወራት ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋል፣ ቅኝቱ ያኔ ይወርዳል።

ሁለት ነገር አትርሱ። እንጨቱ ቀርፋፋ ነው፤ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ምንም አያደርገውም፣ የሦስት ሳምንት ዝናብ ግን ያደርገዋል። ደግሞ ሁሉም ድምፅ እኩል አይንቀሳቀስም። ከመሃል አካባቢ ያሉት ብዙ ይሄዳሉ፣ የግራ ዳርና የቀኝ ዳር ያነሰ።

የእኔ ዲጂታል ፒያኖ ለምን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል?

ምክንያቱም የአንድ ቀን ፎቶ ነው። አብዛኞቹ ዲጂታል ፒያኖዎች በሳምፕል ይሠራሉ። አንድ ጥሩ ፒያኖ ስቱዲዮ ገብቶ፣ በደንብ ተቃኝቶ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በተለያየ ጉልበት ተመትቶ ይቀዳል። እናንተ ቁልፍ ስትነኩ ያ ቅጂ ይጫወታል። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ሬይ ከርዝዌል ከሙዚቀኛው ስቲቪ ወንደር ጋር ተነጋግሮ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኪቦርድ ይህን መንገድ ካስፋፉት አንዱ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ቅጂው ያማረ ነው፣ ግን ቆሟል። የሦስቱ ክሮች ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቆ ተቀድቷል። አንዷን ክር ብቻ ላውርድ ብትሉ አይቻልም፣ ሙሉውን ድምፅ ነው የምታወርዱት። ወጥ ውስጥ የገባን ጨው መልሶ እንደ ማውጣት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

ሞዴሊንግ ነው። እዚህ ቅጂ የለም፣ ኮምፒውተሩ ክሩን፣ መዶሻውንና እንጨቱን በሂሳብ አስልቶ ድምፁን እዚያው ይፈጥራል። ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው ሞዳርት የሚባል ኩባንያ ፒያኖቴክ የተባለውን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። የፈጠረው ፊሊፕ ጊዮም የሂሳብ ሊቅ ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ፒያኖ ይቃኝ ነበር። እኔ ይህን ሳውቅ ብዙ ነገር ገባኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የመዶሻ ጥንካሬ፣ በአንድ ድምፅ ክሮች መሃል ያለ ልዩነት፣ የፔዳል ድምፅ፣ ሁሉም ይስተካከላል። ፒያኖውን ከአዲስ እስከ ጨርሶ ያረጀ የሚወስድ ማንሸራተቻም አለው። ፕሮ የሚባለው እርከን እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ለማስተካከል ይፈቅዳል። ሮላንድ የሚባለው የጃፓን መሣሪያ አምራች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ቪ-ፒያኖ የተባለውን አወጣ፣ እሱም ያለ ሳምፕል በሞዴሊንግ የሚሠራ ነው።

ማንሸራተቻው ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን ለእኔ ግማሽ መንገድ ነው። እናንተ ካልነካችሁት አይንቀሳቀስም።

በየቁልፉ ላይ በዘፈቀደ ትንሽ ማዛባት አይበቃም?

አይበቃም። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። ቁልፍ በተመታ ቁጥር ቅኝቱ በትንሹ በዘፈቀደ እንዲለወጥ አደረግሁ። ያረጀ ፒያኖ አልሆነም፣ የታመመ ሆነ። አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስመታ ሁለት የተለያየ ድምፅ እየሰማሁ ጣቴ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

እውነተኛ ፒያኖ እንዲህ አያደርግም። ዛሬ ጠዋት የወረደች ክር ዛሬ ማታም ያንኑ ያህል ወርዳ ትገኛለች። ጉድለቱ ቦታ አለው። ስለሚቆይ ትለምዱታላችሁ፣ ስለምትለምዱት ትወዱታላችሁ። በዘፈቀደ መለዋወጥ ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ለምሳሌ መዶሻው ሲመታ የሚወጣው የእንጨት ድምፅ በየምቱ ትንሽ ይለያያል። እሱን በዘፈቀደ ተዉት። ቅኝትን፣ ብሩህነትንና የቁልፍ ክብደትን ግን በዘፈቀደ አትንኩ። እነሱ ማስታወስ አለባቸው።

እሺ፣ በተግባር እንዴት ይሠራል?

እኔ የምጠቀመው በኪቦርዱና በሶፍትዌሩ መሃል የምትቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ኪቦርዱ በሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ የትኛው ቁልፍ በምን ጉልበት እንደተመታ ይልካል፤ ጉልበቱ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይመጣል። ፕሮግራሟ ይህን ትቆጥራለች፣ አንድ ፋይል ላይ ትጽፋለች። ፋይሉ የፒያኖው ሕይወት ነው።

መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ክርና እያንዳንዱ መዶሻ የራሱን ጥቃቅን ባሕርይ ያገኛል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ፒያኖዎች አንድ አለመሆናቸውን የሚመስለው ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ዕጣ አይነካም።

ቅኝቱ በየቀኑ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሙዚቃ ውስጥ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይባላል። እኔ በቀን ወደ 0.05 ሴንት የሚጠጋ እርምጃ እሰጣለሁ፣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች። ትንሽ ይመስላል። ግን እርምጃዎቹ በከፊል እርስ በርስ እየተጠፋፉ በከፊል እየተደመሩ ሲሄዱ በ6 ወር ወደ 0.7 ሴንት ገደማ ይደርሳል። በጣም የተመታ ቁልፍ እርምጃው ይጨምራል፣ ወደ ታች የመሄድ ዕድሉም እንዲሁ።

ከዚያ በላይ የወቅቱ ማዕበል ይጨመራል። በዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከመሃል ጠንከር ከዳር ሳሳ ያለ። ጥቂት ሴንት ይበቃል። የእንጨቱን ቀርፋፋነት ለመምሰል የዛሬውን እርጥበት ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት አማካይ እወስዳለሁ።

መዶሻው ደግሞ የምቱ ድምር ነው። ኃይለኛ ምት ከለስላሳ ምት የበለጠ ይቆጠራል። ድምሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል፣ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ በኋላ ቀስ ብሎ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ይመጣል። እኔ በጥቁር ቁልፎች ብዙ ስለምጫወት የጥቁሮቹ ድምፅ ከነጮቹ በፊት ብሩህ እየሆነ መጣ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስተካከለልኝም። ጣቴ ነው ያደረገው።

ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። ምን ላድርግ?

በእጅ ይቻላል፣ እንዲያውም ከእሱ መጀመር እመክራለሁ። በየወሩ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ስጡት። ያለፈውን ወር የተጫወታችሁትን አስቡ። አብዝታችሁ የመታችኋቸውን አምስት ስድስት ቁልፎች ቅኝታቸውን በትንሹ አውርዱ፣ ድምፃቸውን በትንሹ ብሩህ አድርጉት። ከዚያ በወሩ ስም ሴቭ አድርጉ።

ኮምፒውተር የግድ አይደለም። የሮላንድ ፒያኖዎች ብዙዎቹ ፒያኖ ዲዛይነር የሚባል ክፍል አላቸው፣ የአንድ ቁልፍን ቅኝት፣ ድምፅ መጠንና ጠባይ ለብቻ ለመንካት ያስችላል። ካዋይ የሚባለው አምራችም ቨርቹዋል ቴክኒሺያን የሚባል አለው። ሞዴሉ ይለያያል፣ ማኑዋሉን አገላብጡ። የእናንተ አጠቃላይ ቅኝት ብቻ የሚፈቅድ ቢሆንም አትናቁት። በነሐሴ 441 ኸርዝ (በሰከንድ 441 ንዝረት ማለት ነው)፣ በጥር 439 አድርጉት። ለብቻችሁ ስትጫወቱ ልዩነቱን ጆሮ ቶሎ ባይለየውም፣ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር የተለወጠ ይመስላችኋል። ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወቱ ግን ወደ ተለመደው 440 መልሱ።

ምን ያህል ማዛባት ይበቃል? ከየት ጀምሮ ያስጠላል?

ከመሃል ዶ በላይ ያለችው ላ 440 ኸርዝ ናት። እዚያ ላይ አንድ ሴንት ማለት ሩብ ኸርዝ ገደማ ነው። ሁለት ክሮች በአንድ ሴንት ቢለያዩ ድምፁ በ4 ሰከንድ አንዴ ይርገበገባል፣ ጆሮ ሙቀት አድርጎ ነው የሚሰማው። በሁለት ሴንት፣ በ2 ሰከንድ አንዴ። አምስት ሴንት ላይ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሆናል፣ ያኔ የመጠጥ ቤት ፒያኖ መጣ ማለት ነው። ሮጀር ኪርክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሰዎችን አሰምቶ ባደረገው ጥናት አድማጮች ፍጹም እኩል ከሆኑ ክሮች ይልቅ ከ1 እስከ 2 ሴንት የሚለያዩትን መርጠዋል። እኔም ከዚያ ብዙ አልወጣም።

ለጆሮ የሚከብደው የክሮቹ ልዩነት ነው። ሦስቱም አብረው ሦስት ሴንት ቢወርዱ እምብዛም አይታወቅም። ይህን ካወቃችሁ የትኛውን ቁጥር በጥንቃቄ መንካት እንዳለባችሁ ገባችሁ።

ልጄ ገና እየተማረች ነው። ለእሷ ይሁንላት?

ቅኝቱን አትንኩባት። ጆሮዋ ገና እየተሠራ ነው። የመዶሻውን ልዩነትና የቁልፉን ድምፅ ግን ተዉላት። አንዱ ቁልፍ ከሌላው ትንሽ ሲለይ ጣቷን ማዳመጥ ትጀምራለች።

ዲጂታል ፒያኖ ራሱ አያረጅም እንዴ?

ያረጃል፣ ግን በሚያምር መንገድ አይደለም። ከቁልፎቹ ስር ጉልበት የሚለካ የጎማ ንክኪ አለ። ሲቆሽሽ ወይ ሲያልቅ አንዱ ቁልፍ በለስላሳ ብትነኩት እንኳ በሙሉ ኃይል ይጮሃል፣ ወይም ጨርሶ ዝም ይላል። ድምፅ ማጉያው ይነቅዛል፣ ኤሌክትሮኒክሱ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ። ይህን ጠባይ ነው ብላችሁ አትታገሡት፣ አስጠግኑት። የእኔ ፕሮግራም አንዴ አንድ ቁልፍ ብቻ በጣም አረጀ ስትለኝ ግራ ገባኝ። ስከፍተው ጎማው ስር አቧራ ነበር። ቁልፉ ሁሌ 127 እየላከ መዶሻውን ያለ ጊዜው አስረጅቶታል።

ቅኝቱ ከሚገባው በላይ ሲለቅ ምን ይደረጋል?

ቃኚ ይመጣል። ማለቴ፣ ፕሮግራሟ ላይ አንድ አዝራር ተጭኜ የክሮቹን ልዩነት ወደ ዜሮ አካባቢ እመልሳለሁ። ልክ ዜሮ ላይ አላደርገውም፣ የሰው እጅ ልክ ዜሮ አያደርግም። መዶሻዎቹን ግን አይነካም። እውነተኛ ቃኚም ቃኝቶ ሲሄድ መዶሻውን አያድስም። በዓመት ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ፣ ክረምቱ ሲወጣና ከፋሲካ በኋላ። ከቃኘሁ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ምሽት በጣም ደስ ይለኛል። ያረጀው ብሩህነት እንዳለ ሆኖ ቅኝቱ ይጠራል።

ለኢትዮጵያ ቅኝቶች ይረዳል?

ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ግን አዎ። ፒያኖ 12 እኩል ግማሽ ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ክራር ላይ የሚሰማ አንቺ ሆዬ ሁልጊዜ እነዚያ ቁልፎች ላይ አያርፍም። እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻ መቃኘት ከቻላችሁ ጆሯችሁ ወደሚያውቀው ቦታ ታስጠጉታላችሁ። የዕድሜውን ልዩነት ከዚያ በላይ ጨምሩበት።

ቀረጻ ላይስ? ሰው ይሰማዋል?

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ ቤት ውስጥ በካሴት የቀዷቸው ሥራዎች ከሞታቸው በኋላ ወጥተዋል። እነዚያን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ፒያኖው አንድ የተወሰነ ፒያኖ ነው፣ ክፍሉም አንድ የተወሰነ ክፍል ነው። እኔ የራሴን ቅጂዎች ከዓመት በፊት ካደረግኋቸው ጋር ሳስተያይ አሁን ቀኑን ባላይ እንኳ የትኛው እንደሚቀድም እለያለሁ። ሌላ ሰው ምን እንደተለወጠ ላይነግራችሁ ይችላል።

ፋይሉ ቢጠፋ ወይስ ለሌላ ሰው ብሰጥ?

ኮፒ ያዙለት፣ ሁለት ቦታ። ከጠፋ አዲስ ዕጣ ይወጣና ሌላ ፒያኖ ይሆናል፣ የድሮው አይመለስም። ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። እኔ ለአንድ ጓደኛዬ የአንድ ዓመት ተኩሉን ፋይል ሰጠሁት፣ እሱ በነጭ ቁልፎች ነው የሚጫወተው። ከወራት በኋላ መልሶ ሲልክልኝ ከፈትኩት። ጥቁሮቹ የእኔ ነበሩ፣ ነጮቹ የእሱ።